ባለቤት የሌለው ኔትወርክ፣ ዘበኛ የበዛበት በር

«ገለልተኛ ኖድ ኦፕሬተሮችን (የኔትወርኩን ማሽን የሚያሠሩ ሰዎችን) እንቀበላለን» ብሎ ጥሪ ያወጣ አንድ የብሎክቼይን ኔትወርክ፣ ማለትም በብዙ ሰዎች ማሽን ላይ የሚሠራ የክሪፕቶ ገንዘብ መዝገብ (ስሙን ጠርቼ ማስታወቂያ አልሠራለትም) ሰሞኑን የድሬዳዋ ልጆች ያስገቡትን ማመልከቻ በሁለት መስመር መለሰው። መሠረተ ልማታችሁ አያስተማምንም፤ በሌላ ኔትወርክ ላይ የሁለት ዓመት ልምድ የላችሁም። ቅሬታ ሲቀርብበት ደግሞ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ወጣና ማጣሪያው የጠበቀው ለተጠቃሚው ደኅንነት ነው፣ የሚታወቅ ኦፕሬተር አደጋ አያመጣም አለ። ይህን ሰምተው «ልክ ነው፣ በር ዝም ብሎ አይከፈትም» ያሉ የእኛው ሰዎች ናቸው ብዕር ያስነሡኝ።

የሚታወቅ አደጋ አያመጣም? ሮኒን የሚባለው የክሪፕቶ ኔትወርክ ምን ነበር ታዲያ? ዘጠኝ ቫሊዴተር (ግብይትን አረጋግጦ በምስጢራዊ ቁልፍ የሚፈርም ማሽን) ብቻ ነበረው፤ ከመንገድ የገባ አንድም የለበትም። አራቱን የሚያሠራው ኔትወርኩን የገነባው ኩባንያ ራሱ ነበር። ገንዘብ ለማውጣት አምስት ፊርማ ይበቃል። በማርች 2022 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ሌቦቹ የኩባንያውን አራት ቁልፎች ጠቅልለው ወሰዱ። አምስተኛውን ፊርማ ያገኙት ከወራት በፊት ሥራ በዛ ተብሎ ለኩባንያው በተሰጠ፣ ማንም ሳይሰርዘው በቀረ ፈቃድ በኩል ነው። 173,600 ኤተርና 25.5 ሚሊዮን ዩኤስዲሲ (ሁለቱም የክሪፕቶ ገንዘቦች ናቸው) ሄደ፤ በጊዜው ዋጋ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ስድስት ቀን ሙሉ የነቃ የለም። የታወቀውም አንድ ደንበኛ «ገንዘቤን ማውጣት አቃተኝ» ብሎ ሲያመለክት ነው። ኤፍቢአይ በኋላ ላዛረስ የሚባለው የሰሜን ኮሪያ የኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ቡድን ሥራ ነው አለ። እስቲ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልተመረመረው፣ ያልታወቀው ኦፕሬተር የቱ ነው?

ማጣሪያ ሰውዬው ማን እንደሆነ ይነግርሃል። ቁልፉ ዛሬ ማታ በማን እጅ እንዳለ አይነግርህም።

ሌባው ይቅር፣ ስህተትስ? ሊዶ የሰዎችን ገንዘብ ሰብስቦ ኢቴሪየም በሚባለው የክሪፕቶ ኔትወርክ ላይ ቫሊዴተር የሚያሠራ አገልግሎት ነው፤ ኦፕሬተሮቹን እየመረመረና እየመረጠ ሲያስገባ የኖረ ነው። በ2023 ከእነዚሁ ምርጦች ሁለቱ፣ አንዱ በአፕሪል ወር 11 ቫሊዴተር፣ ሌላው በኦክቶበር ወር 20 ቫሊዴተር አስቀጡ። ጥፋታቸው ተመሳሳይ ነበር፤ በአንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተፈረመ። አንዲት ማሽን ብቻ ያለችው የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ልጅ እኮ ቁልፉን ሁለት ቦታ አስቀምጦ ይህን ጥፋት ለመሥራት አቅሙም የለውም።

ወደ መሠረተ ልማቱ እንምጣ። መብራት ይጠፋል፤ ማን ካደ? የድሬ ሙቀትም ለማሽን አይመችም። ነገር ግን ልጆቹን የመለሱት ሰዎች የቅጣት ሕጋቸውን የቀዱት ከኢቴሪየም ነው፤ የቀዱትን ያነበቡት ግን አይመስለኝም። ኢቴሪየም በሴፕቴምበር 2022 ወደ ስቴክ (ቫሊዴተር ለመሆን ገንዘብ በመያዣነት ወደማስያዝ) ከተሻገረ ወዲህ ማሽኑ የጠፋበት ቫሊዴተር የሚቀጣው፣ በርቶ ቢሆን ኖሮ ከሚያገኘው ጋር የሚቀራረብ ጥቂት ገንዘብ ነው። ማታ መብራት ቢሄድ የሚጎዳው የልጁ ኪስ ነው። ከባዱ ቅጣት የተቀመጠው አብረው ለሚያጠፉ ነው። አንዱ ብቻውን ሁለት ጊዜ ቢፈርም ከስቴኩ ጥቂቱን ያጣል፤ በዚያው ሰሞን ብዙዎች አብረውት ካጠፉ ግን ቅጣቱ እያደገ ሙሉውን ሊበላው ይችላል። ከሲሶው ስቴክ በላይ በአንድ ጊዜ ከመስመር ከወጣ ደግሞ ኔትወርኩ ብሎኮችን (የግብይት መዝገቦቹን) ማጽናት ያቆማል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች እንቅልፍ የነሣቸው የድሬዳዋ መብራት አልነበረም። ሁሉም አንድ ዓይነት ሶፍትዌር፣ አንድ ዓይነት ሰርቨር፣ አንድ አከራይ ዘንድ ተኮልኩሎ አንድ ቀን አብሮ መውደቁ ነው።

ይህ ደግሞ ደርሶ ታይቷል። በኖቬምበር 2022 ሄትዝነር የሚባለው የጀርመን ሰርቨር አከራይ በውሌ አልፈቅድም ብሎ የሶላናን (የሌላ ብሎክቼይን ኔትወርክ) ማሽኖች ሲዘጋ፣ ከኔትወርኩ ስቴክ አንድ አምስተኛ ያህሉ ድንገት ከመስመር ወጣ። መብራት አልጠፋም፤ ፋይበር አልተቆረጠም። ሁሉም ዋጋው ረከሰልን ብለው አንድ ቤት ገብተው ስለነበር ባለቤቱ በሩን ሲዘጋ አብረው ውጭ ቀሩ። ሶላና ያን ቀን ሳይወድቅ ሥራውን የቀጠለው ሌላ ቦታ በነበሩት ነው። ጀርመን አንድ ቢሮ ውስጥ የሚወሰን ውሳኔ የማይነካው ማሽን ማለት እንግዲህ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ፣ ባትሪና ኢንቨርተር ተደግፎ የሚሠራው ማሽን ነው። ኔትወርኩ እንዲህ ያለውን ማሽን እየለመነ ማስገባት ሲገባው በደብዳቤ ይመልሰዋል!

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይህ ነው። ያው ልጅ ነገ በየወሩ ዶላር እየከፈለ ጀርመን ሰርቨር ቢከራይ የመሠረተ ልማቱን ማጣሪያ ያልፋል። ሰውየው ያው፣ ዕውቀቱ ያው፣ ቁልፉን የሚይዘው እጅ ያው ነው። የተለወጠው ኪራይ የሚከፈለው ለማን እንደሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ የተመረመረው ሰውየው አልነበረም፤ አድራሻው ነው። አቦ ተዉና!

ድሬዳዋ ለመሆኑ ለማን ነው የማታስተማምነው? ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን መጀመሪያ የሞከረው በኦገስት 2022 እዚህ ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰው በኦክቶበር ነው። አንቴና ተክሎ፣ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ የሚሠራ ኩባንያ ያመናትን ከተማ፣ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ብቻ የሚጠይቅ ኔትወርክ ፈራት።

የሁለት ዓመት ልምዱ ላይ ብዙ አልቆይም። ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ልምድ የሚገኘው ከሥራ፣ ሥራ የሚገኘው በልምድ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲያደርገው ቢሮክራሲ እንላለን፤ እነሱ ሲያደርጉት «ጥራት» ይሆናል።

አንድ ነገር አልክድም። በሩ ወለል ካለ አንድ ሰው መቶ ስም ይዞ ይገባል። ማጣሪያ ያስፈለገበት እውነተኛ ምክንያት ይህ ብቻ ነው፤ መልሱም ከታወቀ ቆይቷል። የመጋላ ነጋዴዎች ዕቁብ ገና ብዙ ዙር ሳይጥል ቀድሞ የደረሰውን ሰው ዲግሪህን አምጣ አይለውም፤ ዋስ ጥራ ይለዋል። በክሪፕቶው ዓለም ዋሱ መያዣ ነው። መቶ ስም ይዞ የመጣ መቶ ጊዜ ያስይዝ። እንደ ሊዶ ያለው ሮኬት ፑል የሚባል አገልግሎት ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ መያዣ ላስያዘ ሁሉ ክፍት ነው፤ ማንነትህን አይጠይቅም። ሊዶ እንኳ፣ ያ በምርጫ ሲያስገባ የኖረው ሊዶ፣ በ2024 መጨረሻ መያዣ ላቀረበ የሚከፈት ሌላ በር ከፈተ። ልጆቹን የመለሱት ሰዎች ትልልቆቹ ሊተዉት የጀመሩትን ነው አዲስ ነገር አስመስለው የሚያመጡልን።

«መያዣውን ከየት ያመጡታል?» የሚል ይኖራል። ደግ ጥያቄ ነው፤ ግን የሚቀርበው ለአገር ቤት ነው። ብሔራዊ ባንክ በጁን 2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ ነው አለ፤ ኢንሳ በዚያው ዓመት የዘርፉ ሠራተኞች ተመዝገቡ አለ፤ ኤሌክትሪክ ኃይል ደግሞ ለቢትኮይን ማይነሮች ኃይል ሸጦ የውጭ ምንዛሪ ሰበሰበ። ለውጭ ማይነር የተፈቀደው ለድሬ ልጅ ለምን እንደማይፈቀድ የሚያስረዳ ባለሥልጣን ቢገኝ በደስታ አዳምጣለሁ። ይህ ግን ለኔትወርኩ ሰበብ አይሆነውም፤ ልጆቹ ማመልከቻ ሲያስገቡ ስለ መያዣ የጠየቃቸው የለም።

መፍትሔ አምጣ ለሚለኝ፣ ቴክኖሎጂው ተሠርቶ ቁጭ ብሏል። አንዱን የቫሊዴተር ቁልፍ ለአራት ሰው ከፋፍሎ የሦስቱ ፊርማ እንዲበቃ ማድረግ ይቻላል፤ ኦቦልና ኤስኤስቪ የሚባሉት ፕሮጀክቶች የሚሠሩት ይህንኑ ነው፣ ሊዶም ተጠቅሞበታል። አንዱ ድሬ፣ አንዱ ሐረር፣ አንዱ ጅግጅጋ፣ አንዱ ሐዋሳ ይሁን። የድሬ መብራት ቢጠፋ ሦስቱ ይፈርማሉ፤ ከአራቱ አንዱ ቁልፉን ቢያሰርቅ ሌባው በአንድ ቁራጭ ምንም አያደርግም። መያዣውንም አራት ሆነው ያዋጡታል። ኔትወርኩ ይህን ለሦስት ወር በሙከራ መረብ ላይ ያስኪደው፤ ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ፊርማ እንዳመለጠው በይፋ ያውጣ። ያኔ ካልበቁ በቁጥር ይመልሳቸው። እስከዚያ ድረስ ግን የድሬዳዋን መሠረተ ልማት ሳይለካ የፈረደ ኮሚቴ ስለ ጥራት ባያወራ ይሻለዋል።