የጣራ ውሃ የፍሳሽ መስመር አያጥብም

ወንድሜ፣ «ክረምት ላይ የጣራውን ውሃ ፍሳሽ መስመር ውስጥ ልቀቁት፣ ቆሻሻውን ጠርጎ ይወስደዋል» ያልከው ስህተት ነው። ብዙ ሰው ስለሚያምነው አልፈርድብህም።

አዲስ አበባ ውስጥ የፍሳሽ መስመርና የጎርፍ ማፋሰሻ የተለያዩ ናቸው። የፍሳሹ ቱቦ የተሠራው ከሽንት ቤት፣ ከሻወርና ከወጥ ቤት ለሚወጣ ውሃ ነው። እስቲ አስላው፦ 100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 2,000 ሊትር ይሆናል፤ አንድ ትልቅ ሮቶ ሙሉ ማለት ነው፣ ያውም ከአንድ ቤት፣ በአንድ የሐምሌ ዶፍ። ሰፈሩ በሙሉ አሸንዳውን እዚያ ላይ ከቀጠለ ቱቦው ይሞላና የማንሆሉ ክዳን ተነስቶ ሽንት ቤት የገባው ሁሉ አስፋልት ላይ ይንሳፈፋል፣ ቁልቁል ያለው ጎረቤት ደግሞ በገዛ መጸዳጃው በኩል ይመለስበታል። (ሽታውን ያየ ያውቀዋል።) ጎርፉ አፈርና ጠጠርም ይዞ ስለሚገባ፣ ያጸዳል የተባለው ጭራሽ ይደፍነዋል። የቀረው ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ቢደርስም ጣቢያው የዝናብ ውሃ ሲያጣራ ይውላል።

አሸንዳህን ወደ ጎርፍ ቦዩ አዙረው፣ ወይም በርሜል ደቅንበትና ልብስ እጠብበት። ሞዴስና ዳይፐር ፍሳሽ መስመሩ ውስጥ አይጣል ያልከው ግን ልክ ነህ።