ሁሉን ነገር ፋራ አትበሉ

የደብረ ብርሃን ልጆች፣ የመንዝ፣ የአንኮበር፣ የጣርማ በር፣ ዛሬ እናንተን ነው ምናገረው፣ ከተቆጣችሁም ተቆጡ። ይቺ ፋራ የምትባል ቃል አፋችሁ ላይ ተጣብቃ ቀረች እኮ። ባለ ቁልፍ ስልክ ፋራ፣ የእናታችሁ ቀሚስ ፋራ፣ በሶ ፋራ፣ የሽማግሌ ምርቃት ሳይቀር ፋራ!

ቃሉ ድሮ ለሰው ነበር የሚባለው፣ ከተማ ገብቶ ግራ ለገባው፣ አስፋልት ሲሻገር ለሚደናበረው፣ የአራዳ ተቃራኒ ማለት ነው። አራዳ ራሱ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ አዲስ አበባ ጊዮርጊስ አካባቢ በምኒልክ ጊዜ ትልቁ ገበያ የነበረበት ሰፈር ስም ነው፣ ምኒልክ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ ነው በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት። አራዳ የምትሉት ቃል ከናንተ አያት በላይ ያረጀ ነው፣ እሱን ግን ማንም ፋራ አላለውም።

አማርኛ ለቆየ ነገር ቃል አጥቶ አያውቅም። ጫማው አሮጌ ነው፣ በሬው አርጅቷል፣ ጨርቁ ነትቧል፣ ማጭዱ ዶልዱሟል፣ ከታላቅ ወንድም የወረደልህ ኮት ውራጅ ነው፣ ጎተራ ያለው እህል የከረመ ነው፣ ቅቤው ደሞ ሲቆይ በሳል ይባላል ለመድኃኒት ይፈለጋል። አያችሁ ልዩነቱን፣ አንዱ ይጣላል፣ አንዱ ይሳላል፣ አንዱ በቆየ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። እናንተ ይሄን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልላችሁ ፋራ ስትሉት የቱ እንደሚጣል የቱ እንደሚቀመጥ መለየት አቃታችሁ፣ ቆራሌው በር ላይ ሲጮህ የአያታችሁን የመዳብ ሰርቪስ አውጥታችሁ በላስቲክ ባልዲ የምትለውጡት ለዚህ ነው።

የመንዙን የሳር ምድር፣ ጓሳን እዩት እስቲ። የመንዝ አባቶች ሳሩን ለዓመታት ዘግተው ሲፈቀድ ብቻ የሚያጭዱበት ደንብ ነበራቸው፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጣና ደንቡ ፈረሰ፣ ሳሩም ተመናመነ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ መርጦ ወደ ጥበቃው ተመለሰ፣ ዛሬ ፈረንጁ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት እዛ ድረስ የሚወጣው በዛ በድሮው ነገር ነው። ጣርማ በር ያለው ዋሻም ጣሊያን የቆፈረው ነው፣ አሮጌ ነው አዎ፣ ደብረ ሲና ስትወርዱ ግን በሱ ነው የምታልፉት።

ያረጀ ሁሉ ይቀመጥ አላልኩም ደሞ። ልጅን ሳትደርስ መዳር አለ አይደል፣ እሱን ፋራ በሉት፣ ቃሉ እዛ ላይ ነው የሚያምርበት! ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ራስ ምታት ሲመጣ የሚውጠውንም ሰውዬ ፋራ በሉት እኔ እደግፋችኋለሁ። ግን እሱን ዝም ትላላችሁ፣ አባታችሁ በርኖስ ደርበው ሰርግ ሲመጡ ታፍራላችሁ። ነውር ነው።

የእህቴ ልጅ አምና ከአዲስ አበባ መጣና አልጋው ላይ ያነጠፍኩለትን የመንዝ ባና አንስቶ ወንበር ላይ ጣለው፣ በበግ ፀጉር በሴቶች ተፈትሎ በወንዶች የተሸመነውን ማለት ነው፣ ጋሼ ይሄ እኮ ፋራ ነው ብሎኝ ይዞት የመጣውን ስስ ብርድ ልብስ ለበሰ። ዝም አልኩት። ወሩ ህዳር ነው፣ ደብረ ብርሃን ደሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች አገር ናት፣ ውርጩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ጠዋት ስነሳ ባናው ውስጥ ተጠቅልሎ አፍንጫው ብቻ ይታያል። ሲሄድም ሻንጣው ውስጥ ከተተው፣ እስካሁን አልመለሰልኝም።