ለክቡር −9999፣ ባሉበት ፒክስል

ጉዳዩ፦ ከፍታ መስለው መግባትዎን እንዲያቆሙ ስለ መጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ጤና ይስጥልን። ሥራዎ አንድ ነበር፤ በከፍታ ራስተር (እያንዳንዱ ፒክስል አንድ ቁጥር በሚይዝበት ካርታ) ውስጥ «እዚህ ቦታ ልኬት የለም» ብሎ ማስታወቅ። በዘበኝነት ተቀጥረው የቤቱ ባለቤት ሆነው አረፉ።

ለጀማሪ የመልክዓ ምድር ተመራማሪዎች የኮምፒውተር ስልጠና ሲሰጥ እርስዎ አይጋበዙም። ለሰልጣኙ የሚሰጠው ዴም (የከፍታ ራስተር) ታጥቦ ተተኩሶ የቀረበ ነው። የወንዝ ሽርሸራ ቀመሩን ይማራል፣ ላንድላብ በተባለው የመልክዓ ምድር ሞዴል ሶፍትዌር ላይ ሞዴሉን ያስኬዳል፣ ግራፉ ያምራል፣ ምስክር ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። እርስዎ ደግሞ እሱ ራሱ ያወረደው ፋይል ውስጥ አድፍጠው ይጠብቁታል።

ሙያዎስ ይደነቃል። አማካይ ከፍታው 2000 ሜትር በሆነ ተፋሰስ ከመቶ አንዱን ፒክስል ብቻ ቢይዙ አማካዩ 1880 ይሆናል። ያለ አንዲት ጠብታ ዝናብ 120 ሜትር ተራራ ሸረሸሩ! የፒክስሉ ጎን 30 ሜትር በሆነ ራስተር ላይ 2000 ሜትር ከፍታ ያለው ጎረቤትዎማ ሳያስበው የ11,999 ሜትር ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ይገኛል፤ ተዳፋቱ 89.86 ዲግሪ። ውሃ ከስምንቱ ጎረቤቶች በጣም ቁልቁል የሆነውን ይመርጣልና ወደ እርስዎ ይገባል፤ ወንዙም የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። «ጉድጓድ ሙላ» የሚለውን ትእዛዝ ከሰጠን ደግሞ የባሰ ነው። ፕሮግራሙ እስከ አፍዎ ሞልቶ ለጥ ያለ ሜዳ ያደርግዎታል፤ ካርታው ላይም ምልክትዎ ይጠፋል።

የሁሉ ቁንጮ ግን በሪሳምፕል (ፒክስሎቹ በአዲስ መረብ እንደገና በሚሰሉበት) ጊዜ የሚለብሱት ጭምብል ነው። ሰልጣኙ ፋይሉን ከዲግሪ ወደ ሜትር ሲያዞር ባይሊኒየርን (አራቱን ቅርብ ፒክስሎች በየክብደታቸው ማማከልን) ይመርጣል፤ ለከፍታ ደግሞ ምርጫው ልክ ነው። ኖዳታነትዎ (ልኬት የለሽነትዎ) ሜታዳታው (ስለ ፋይሉ የሚገልጸው መረጃ) ላይ ካልተመዘገበ ግን ፕሮግራሙ እንደ ማንኛውም ቁጥር ከጎረቤቶችዎ ጋር ያቀላቅልዎታል። ሦስት 2000ዎችና አንድ እርስዎ፣ ለአራት ሲካፈል፣ −999.75። ሰልጣኙ «−9999 የሆነውን ሁሉ አጥፋ» ሲል አንድም አይገኝ፤ ልብስ ቀይረዋላ! ክብደትዎ ከመቶ አምስት ብቻ ሲሆንማ 1400 ሜትር ገደማ ላይ ያርፋሉ። ማን ይጠረጥርዎታል? ደህና ሸለቆ ይመስላሉ።

ስለዚህ ከእንግዲህ ስልጠናው የሚጀመረው በእርስዎ ነው። ከቀመርም ከካርታም በፊት ትንሹና ትልቁ ቁጥር ይታያል። የሙት ባሕር ዳርቻ እንኳ ከ−450 ሜትር አይወርድም፤ የየብስ ዴም ላይ ከዚያ በታች ያለ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ቀጥሎ የራስተር ፋይልን መረጃ በሚያሳየው በጂዳልኢንፎ ትእዛዝ ኖዳታው መመዝገቡ ይጣራል፣ ካልተመዘገበ ይመዘገባል። ይህ ከሪሳምፕል በፊት ነው፤ ከተቀላቀሉ በኋላ መልሶ የሚለይዎት የለም። ከዚያ ራስተሩ ከኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ወደ ፍሎት (አስርዮሽ ቁጥር) ተቀይሮ በቦታዎ ናን («ቁጥር አይደለም» የሚል ምልክት) ይገባል። ኢንቲጀር ናንን መያዝ ስለማይችል ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። 3601 በ3601 ፒክስል የሆነ የኤስአርቲኤም (ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካ ከፍታ) ፋይል ከ26 ወደ 52 ሜጋባይት ያድጋል፤ እርስዎን ለማስወጣት ከሆነ ይደግ። ናንም ቢሆን ጣጣ አያጣም፣ ግን ቢያንስ ጯሂ ነው፤ አንድ ብቻ ሲገባ አማካዩ በሙሉ ናን ሆኖ ያሳብቃል። እርስዎ ግን ዝም ብለው ይደመራሉ።

ላንድላብ ውስጥ ከሆኑ ስምዎን መቀየር አያስፈልግም። ያሉበት ኖድ (የሞዴሉ ነጥብ) ሁሉ ዝግ ተብሎ ይታወጃል፤ ውሃ አይገባ፣ ደለል አይወጣ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሥራ ባልደረባዎ −32768፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የራዳር ጥላ ባረፈባቸው የኤስአርቲኤም ገደላማ ሸለቆዎች
ለ0፣ ባሕር ይሁኑ ኖዳታ እስካሁን ላልለየልን