ግልጽ ደብዳቤ ለተከበርከው የመስሪያ ቤታችን ክብ ማህተም

ይድረስ ለክቡር ማህተም፣ ባለህበት። መቼም የት እንዳለህ የሚያውቅ ሰው እዚህ ግቢ የለም።

ጤናህስ? እኔ ይኸው አንተን ፍለጋ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ታክሲ ስጋፋ እውላለሁ። ጋሽ ጥበቃው ራሳቸው ሰልችቷቸው ገና በሩ ጋ ሳልደርስ "ልጄ፣ ማህተም የምትይዘው ልጅ ፊልድ ናት" ይሉኛል። ፊልድ ግን ምን ትሰራለህ? አበል አለው እንዴ?

የሚገርመኝ ያባረሩኝ ቀንማ እንዴት ቀልጣፋ ነበርክ! ደብዳቤው ከፕሪንተር ወጥቶ ሳያልቅ ነው ከነቲተርህ ዱብ ያልከው፣ ቀለምህ ሳይደርቅ እጄ ላይ ቀረ። የስራ ልምድ ጻፉልኝ ስል ግን የካዝናው ቁልፍ የለም፣ የመጨረሻ ደሞዜስ ስል ክሊራንስ ጨርስ፣ ክሊራንሱን ስጨርስ (ቱታውን አጥቤ ተኩሼ ነው የመለስኩት፣ ሰበብ እንዳያገኙ) እሱም ማህተም ይፈልጋል ተባልኩ።

የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መቼም አንተን አያውቅህም። ውሉ በተቋረጠ በ7 የስራ ቀን ውስጥ ሂሳቡ ይከፈለው ይላል፣ ካዘገዩት ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደሞዝ ጨምሮ ሊያስከፍላቸው ይችላል፣ የስራ ልምድም ሰራተኛው ሲጠይቅ በነጻ ይሰጠው ነው የሚለው፣ ማህተሙ ከፊልድ ሲመለስ አይልም።

ብልጥ ነህ እኮ። አንተ ካዝና ውስጥ ስትተኛ ይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደቡ፣ ይቆጥራል። ወደ ስራ መልሱኝ ለማለት 3 ወር፣ ደሞዝና ኦቨርታይም ለመጠየቅ (ፋሲካን ኦቨርታይም ሰርቼ በ2.5 እጥፍ ሊታሰብልኝ የነበረውን ጨምሮ) 6 ወር፣ ከዛ ወዲያ ተዘጋ። "ሰኞ ና ወንድሜ" የሚሉኝ ደግሞ በቃል ነው፣ አንድ ቀን እንኳን አያስቆመውም። አዎ ዕዳ አለብን ብለው በጽሁፍ ቢያምኑልኝማ ይርጋው ይቋረጥ ነበር፣ ግን ያንን ወረቀት የሚመታው ማነው? አንተ! ኤችአሩ ይሄን ሳያውቅ ነው ሰኞ ና የሚለኝ የሚል ካለ የዋህ ነው።

እና ክስ ጽፌያለሁ። የሰራተኛ ክስ ዳኝነት አይከፈልበትም፣ ደስ የሚለው ደግሞ የኔ ፊርማ ይበቃዋል፣ አንተን የጠየቀኝ የለም። መጥሪያው ሲደርስህ እላዩ ላይ የፍርድ ቤቱን ማህተም ታገኘዋለህ፣ ተዋወቁ፣ እሱ ፊልድ አይወጣም።