በትንንሽ ኮከቦች ዙሪያ ስለተገኙት ግዙፍ ፕላኔቶች ለድምዳሜ አንቸኩል

እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ይፋ የሆነው ቲኦአይ-6894 ቢ በብዙ የዜና ማሰራጫዎች ሊኖር የማይገባው ፕላኔት ተብሎ ተዘግቧል። ከእኛ 240 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ በሚገኝና ክብደቱ የፀሐይን አንድ አምስተኛ ብቻ በሆነ ቀይ ድንክ (ትንሽና ፈዛዛ) ኮከብ ዙሪያ፣ ስፋቱ ሳተርንን በጥቂቱ የሚበልጥ የጋዝ ፕላኔት ሦስት ቀን ተኩል ባልሞላ ጊዜ ዙሩን ይጨርሳል። ግርምቱ ተገቢ ነው፤ የፕላኔቶች አፈጣጠር ንድፈ ሐሳብ ፈረሰ የሚለው ድምዳሜ ግን የችኮላ ነው።

ሰፊ ተቀባይነት ባለው ማብራሪያ መሠረት በወጣት ኮከብ ዙሪያ በሚሽከረከረው የጋዝና የአቧራ ዲስክ ውስጥ በመጀመሪያ ጠጣሩ ነገር እየተጠራቀመ የምድርን አሥር እጥፍ ገደማ የሚመዝን እምብርት ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ እምብርቱ ጋዙን በፍጥነት ወደ ራሱ ይስባል። ጋዙ ግን በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ተበትኖ ያልቃል። የትንሽ ኮከብ ዲስክ ጠጣር ነገሩ አነስተኛ፣ ዕድገቱም አዝጋሚ በመሆኑ እምብርቱ ሳይደርስ ጋዙ ያልቃል ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

ይህ ግምት ሲፈተን የመጀመሪያው አይደለም። የፀሐይን ሲሶ ገደማ በሚመዝነው ግሊዝ 876 በተባለው ኮከብ ዙሪያ ከጁፒተር የሚከብድ ፕላኔት የተገኘው በ1998 ነው። በ2019 ደግሞ ከፀሐይ ስምንት እጥፍ በሚቀለው ጂጄ 3512 ዙሪያ ክብደቱ ቢያንስ የጁፒተርን ግማሽ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ፕላኔት ተገኘ። አግኚዎቹ ይህኛው እምብርት ሳያስፈልገው፣ ዲስኩ በራሱ ስበት ተሰባብሮ የተፈጠረ ሳይሆን አይቀርም ወደሚል ሐሳብ አዘነበሉ። ቲኦአይ-6894 ቢ ግን ክብደቱ የሳተርንን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጋዙን ቀስ በቀስ የሰበሰበ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ስም ጠቅልሎ «እንቆቅልሽ» ማለት፣ ምናልባት ሁለት የተለያዩ የአፈጣጠር መንገዶችን ማደባለቅ ነው።

በእኔ እምነት አሁን የሚያስፈልገው ቆጠራ ነው። ቀይ ድንኮች በጋላክሲያችን ካሉት ኮከቦች ሦስት አራተኛ ያህሉ ናቸው፤ ስለዚህ ግዙፍ ፕላኔት ያላቸው ከመቶ አንድ እንኳ ባይሞሉ ጠቅላላ ቁጥሩ ቀላል አይሆንም። ቲኦአይ-6894 ቢ የተገኘው በ2018 የመጠቀችው ቴስ የጠፈር ቴሌስኮፕ ካየቻቸው ከ91,000 በላይ ትንንሽ ቀይ ድንኮች መካከል በተካሄደ ፍለጋ ነው። ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ከብርሃኑ 17 በመቶ ያህሉን ይጋርዳል፤ ጁፒተር በፀሐይ ፊት ቢያልፍ የሚጋርደው 1 በመቶ ገደማ ነው። ጥላውን ማየት ይህን ያህል ቀላል ሲሆን፣ ፈዛዛ ኮከብ ዙሪያ ያለን ፕላኔት መመዘን ግን የትልልቅ ቴሌስኮፖችን ረጅም ሰዓት ይጠይቃል። ይህ ሰዓት ለብሩህና ፀሐይ መሰል ኮከቦች ብቻ ሊውል አይገባም፤ ፕላኔት ያልተገኘባቸው ቀይ ድንኮችም በጥንቃቄ ሊመዘገቡ ይገባል፤ ያለ እነርሱ ብርቅነቱን መለካት አይቻልምና።

የከባቢ አየሩ ጥናትም ሊዘገይ አይገባም። የዚህ ፕላኔት ሙቀት 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በመሆኑ ሜቴን ይኖርበታል ተብሎ ይጠበቃል፤ ከጋዙ ጋር የተቀላቀሉት ከባድ ንጥረ ነገሮች (ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም የሚከብዱት) መጠን ሲታወቅም ፕላኔቱ በእምብርት ዙሪያ መሰብሰቡን ወይም በቀጥታ ከዲስኩ መፈጠሩን ለመለየት ይረዳል።