ዝናቡ ደስታውን አላበላሸበትም
ስለ አገው ፈረሰኞች ዓመታዊ በዓል በወጣው ጽሑፍ ላይ "ዝናቡ የእጅ ባለሙያዎቹን ቀን አበላሸው" የሚለው አባባል ፈጽሞ ልክ አይደለም። አጎቴ እንጅባራ አካባቢ ኮርቻ እየሠራና ግላስ (የፈረስ ጌጥ ልብስ) እየሰፋ የሚኖር ሰው ነው፤ በዓሉ በሚከበርበት ጥር 23 ከፈረሰኞቹ ሜዳ ቀርቶ አያውቅም። ያለ ወቅቱ በዘነበበት ዓመት አብሬው ነበርኩ። ጥግ ፍለጋ የሮጥነው እኛ ነን፤ እሱ ጋቢውን ተከናንቦ እዚያው ቆሞ፣ የእሱ ግላስ የተጣለበት ፈረስ ባለፈ ቁጥር ስፌቱ መያዙን በዓይኑ ይከተል ነበር። ቀዩ ክር ቀለሙን አለመልቀቁን ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደፈካ! ማታ የራሰውን ጠፍር ወደ እሳት ልናስጠጋ ስንል ተቆጣን፤ ይሰነጠቃላ። በማግስቱ ጥላ ላይ አድርቆ፣ እያንጎራጎረ፣ በቅቤ ሲያሸው ዋለ። ከላይ በአስተያየታቸው በዓሉን "ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርኢት ነው" ላሉት ወንድማችን፦ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የዓድዋን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር ነው፤ ቱሪስት ዝር በማይልበት ዘመንም በዓሉ ሲከበር ኖሯል። አዘጋጁ ለከርሞ ፈረሰኞቹን ብቻ ሳይሆን ኮርቻ ሠሪዎቹንም ቢያነጋግሩ ብዙ የሚጻፍ ያገኛሉ።