ለአንድ ዝናብ ጃንጥላ የቀረበ ምስጋና

ጅማ ውስጥ ዝናብ ድንገተኛ ነገር ነው። በየዓመቱ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ ይጀምራል። እስከ ጥቅምት ድረስ መጣሁ ሄድኩ እያለ ይቆያል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ያወርድብናል። እኛም በየዓመቱ እንደነግጣለን። «ዘንድሮ ደግሞ ምን ጉድ ነው!» እንላለን። አምናም ይህንኑ ብለናል፤ ካቻምናም።

የቡና ዛፍ እንኳ ነገሩ ገብቶታል። በጋውን እንቡጡን ይዞ ይጠብቅና የመጀመሪያዋን ዝናብ ሲቀምስ በሳምንት ከምናምን ውስጥ ነጭ አበባውን ይዘረግፈዋል። ግን ቡና ተክል ነው። ቆሞ ዝናብ ከመጠበቅ ሌላ ምን ሥራ አለው? እኛ ሥራ የሚበዛብን ሰዎች ነን። ጃንጥላ የምንገዛው ከላይ መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው።

ይህን ልማዳችንን የሚነቅፉ አሉ። እኔ ዛሬ ላመሰግነው ተነስቻለሁ። አንድ ከተማ ሙሉ ሰው፣ ማንም ሳያስገድደው፣ በመጀመሪያው ነፋስ የሚገለበጠውን ያንኑ ጃንጥላ በየክረምቱ መላልሶ ሲገዛ፣ ይህ ታማኝነት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ግዢውን ከቅርብ ላሳያችሁ። ያለፈው ሰኔ ነው፤ ቀኑ ሰኞ። ሰኔና ሰኞ ገጥሞ ደህና ነገር እንደማይጠበቅ አውቅ ነበር፤ ግን ሥራ አለ። የጅማ መርካቶ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር አሥራ ምናምን ሰዎች ተጣበን ቆመናል። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የሠሩት ሰዎች ዝናቡን ያወቁት ይመስለኛል፤ ለበረንዳ አልሰሰቱም። የዚህ ሱቅ በረንዳ ግን ለአንድ ተኩል ሰው የተሠራ ነው። ቆርቆሮው ከላያችን ይደበደባል። ከጣራው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ ጭቃውን እያነሳ ሱሪያችን ላይ ይረጨዋል። አንዷ ሴት ፌስታል ራሷ ላይ አስራለች። በዚህ መሀል ክንዱ ላይ ሃያ የሚሆን ጃንጥላ የደረደረ ልጅ ከች አለ። እሱ ራሱ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በስብሷል። ሃያ ጃንጥላ ይዞ የሚበሰብስ ሰው አይተን ማናችንም ምንም አልጠረጠርንም።

«ስንት ነው?»

«450።»

«ጠዋት 300 ስትል አልነበር እንዴ?»

«ጋሼ፣ ጠዋት እኮ ፀሐይ ነበር።»

ለዚህ ምን ይመለስለታል? ልጁ አንዱን አነሳና ቁልፉን ሲጫነው «ጧ!» ብሎ ተከፈተ። በድምፁ ብቻ ግማሾቻችን ተማረክን። ቀይ ነው። ጠርዙ ላይ ዳንቴል ቢጤ ዞሮበታል።

«ነፋስ ይችላል?» አልኩት።

«አውሎ ነፋስ ይችላል!»

«ኦርጅናል ነው?»

«የኦርጅናል ኦርጅናል!»

ከመካከላችን አንድ ተማሪ መሳይ ልጅ እጁን ዘረጋ። ከውስጥ ያለውን ሽቦ በሁለት ጣቱ ይዞ ትንሽ ጎበጥ ሊያደርገው ሞከረ።

«እንዴ! ተው! ትሰብረዋለህ!» ብሎ ሻጩ ነጠቀው።

አውሎ ነፋስ የሚችለው ጃንጥላ ሁለት ጣት አይችልም። ተማሪው ዝም ማለት ሲገባው ማብራራት ጀመረ። ጥሩ ጃንጥላ ሽቦው ፋይበርግላስ ነው፣ ቢያጎብጡት ተመልሶ ቀጥ ይላል አለ። ይሄ ስስ ብረት ነው፣ አንዴ ከታጠፈ ታጠፈ አለ። ቦርሳ ውስጥ እንዲገባ ሦስት ቦታ የሚተጣጠፈው ደግሞ መገጣጠሚያው ስለሚበዛ ቶሎ ይላላል፣ ለነፋስ ረጅሙ ይሻላል አለ። ሁላችንም በጎሪጥ አየነው። ሰው በዶፍ መሀል ተጣቦ ቆሞ ትምህርት ይሰጠዋል? እሱን ትተን ብራችንን መቁጠር ጀመርን።

ወደ ፈረንጅ አራዳ መንገድ ጀመርኩ። ለ200 እርምጃ ያህል እንደ እኔ ደስተኛ ሰው አልነበረም። ጃንጥላ እኮ እንዲህ በዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። «ጃን» ራሱ የንጉሥ ነው፤ ጃንሆይ እንደምንለው። ድሮ ጥላ የሚያዘው ለንጉሥ፣ ለመኳንንትና ለታቦት ነበር። እኔም በ450 ብር ለ200 እርምጃ ነገሥኩ። ከዚያ ውሽንፍሩ መጣ።

ውሽንፍርን ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ከላይ መውረዱን ይተውና በጎን ይመጣል። ነፋሱ ከጃንጥላዬ ሥር ገባ። አንዴ አነሳው፣ ሁለቴ አነሳው፣ በሦስተኛው ገለበጠው። ከስምንቱ ሽቦ ሦስቱ በአንድ ጊዜ ታጠፉ። ጨርቁ ከአንዱ ጫፍ ተላቆ ጉንጬን በጥፊ አለኝ። እጄ ላይ የቀረው ወደ ሰማይ የተከፈተ ሳህን ነው። ዝናቡንም በሚገባ ማጠራቀም ጀመረ።

«ዲሽ! ዲሽ!» አሉ ማዶ የተጠለሉ ልጆች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዙሩት! ሲግናል የለም!»

መንገዱ ሙሉ ሳቀ። ባጃጅ ሾፌር ሳይቀር ቆሞ ሳቀ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ደስታ የትኛው ውድ ጃንጥላ ይሰጣል? ነፋስ የሚችለው ጃንጥላ አናቱ ላይ ጨርቁ ድርብ ነው። በሁለቱ ጨርቅ መካከል ክፍተት አለ። ከሥር የገባው ነፋስ በዚያ ሾልኮ ይወጣል፤ ዝናቡን ደግሞ የላይኛው ጨርቅ ይመልሰዋል። ነፋሱ መጥቶ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ደረቅ እንደሆነ መንገዱን ይቀጥላል። ማን ያየዋል? ማን ይስቅለታል? ራስ ወዳድነት ነው።

አያያዛችንም ምስጋና ይገባዋል። ነፋስ ከፊት ሲመጣ ጃንጥላውን ዝቅ አድርጎ፣ ጀርባውን ወደ ነፋሱ አዘንብሎ፣ በአንዱ እጅ እጀታውን በሌላው ዘንጉን ከፍ አድርጎ መያዝ የሚባል ነገር አለ። እንዲህ ከተያዘ ነፋሱ ከውጭ ይገፋዋል እንጂ ሆዱ ውስጥ አይገባም። ይህ ግን አንገት መድፋት ይመስላል። እኛ እንደ ሰንደቅ ዓላማ ቀጥ አድርገን፣ ከፍ አድርገን ነው የምንይዘው። በዚያ ላይ ጠባብ መንገድ ላይ ስንተላለፍ የሽቦው ጫፍ ልክ በአጭር ሰው ዓይን ትክክል ይሆናል። የጅማ አጫጭር ሰዎች በክረምት ጎንበስ ብለው የሚሄዱት ትሁት ስለሆኑ መስሏችሁ ነበር? ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ጃንጥላችንን ውጭ አናራግፍም። አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ጉልበት እያለ መንገድ ላይ ምን ያስለፋናል?

አንድ ነገር ላይ ግን አልቀልድም። ሜዳ ላይ ሆናችሁ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ጃንጥላውን እጠፉትና ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። ዛፍ ሥር አትጠለሉ። መብረቅ የኦርጅናል ኦርጅናል ነው አይልም። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ሒሳቡን ላስረዳችሁ። ያን ሰሞን እዚያው መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ጥሩ ጃንጥላ አይቼ ነበር። ረጅም፣ ጥቁር፣ አናቱ ድርብ። ባለ ሱቁ ራሱ ሽቦውን አጎብጦ ለቀቀው፤ ቀጥ አለ። 1,400 ብር አለኝ። «ለጃንጥላ?» ብዬ ወጣሁ። ሰው ከአቅሙ በላይ መኖር የለበትም። ከዚያ ክረምቱን በቁጠባ አሳለፍኩት። ቀዩ 450። በሐምሌ ሰማያዊ 400። ነሐሴ ላይ ባለ አበባ 350። መስከረም ሲጠባ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለ ሰዓት፣ በብልጠት 300። ሲደመር 1,500። በዝናቡ ሚሊ ሜትር ልክ። ባለ 1,400ውን ባለመግዛቴ እስካሁን እኮራለሁ።

ጎረቤቴ እማማ ግን ያሳዝኑኛል። አንድ ጃንጥላ ብቻ ነው ያላቸው። ጥቁር፣ እጀታው ቆልማማ እንጨት። የመጀመሪያ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ የገባ ጊዜ የተገዛ ነው፤ ልጁ ዛሬ የራሱን ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ሁለት ሽቦው አንድ ጊዜ ተጎድቶ ጫማ ሰፊው በክር አስሮላቸዋል። ከውጭ ሲገቡ በር ላይ ሦስት ጊዜ ያራግፉትና በረንዳው ላይ ግማሽ ከፍተው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡታል። ሲደርቅ ነው የሚጠቀልሉት። እኔ እንደ ሠለጠነ ሰው እርጥቡን በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው ብረቱ ዝጓል፤ ሽታው የከረመ ካልሲ ነው። ባለቤትነቱን ማንም አይጠራጠርም።

አንድ ቀን በረንዳቸው ላይ ቆሜ፣ ከፀጉሬ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ጃንጥላ፣ አይሰለችዎትም?»

«ምኑ ልጄ? ደረቅ መሆኑ?»

ፎጣ አምጥተው ሰጡኝ። የዕድሜ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ለእሳቸው የምፈራላቸው ለቅሶ ቤት ነው። በክረምት ለቅሶ ቤት በር ላይ የሚከመረውን ጃንጥላ አስቡት። ጥሩውን ይዞ የገባ፣ አልቅሶ አልቅሶ ሲወጣ ሁለት ሽቦ የወለቀለትን ያገኛል። ያኔ ለቅሶው የእውነት ይሆናል። የእኔን ግን የትም ብጥለው የሚነካው የለም። ረስቼው ስወጣ እንኳ ልጅ ልከው ያስመልሱልኛል። ቤታቸው ውስጥ እንዲቀር አይፈልጉም።

ከገጠር ለገበያ የሚመጡት ሰዎችም ይገርሙኛል። አንዳንዱ አሁንም ገሳውን ደርቦ በዶፍ ውስጥ በሬውን እየነዳ ያልፋል። ሕፃናቱ የጎደሬ ቅጠል ይቀነጥሱና ራሳቸው ላይ ይይዛሉ። ውሃው ቅጠሉን ሳያርሰው እንደ ብር ተንከባሎ ይወርዳል። ነፋስ ቢገለብጠው መልሰው ይገለብጡታል። ዋጋው ነፃ ነው፤ ደመና ሲመጣ አይጨምርም። ግን «ጧ!» አይልም።

ለከተማችን ስለምናበረክተው ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ዝናቡ ሲያባራ የቱቦውን አፍ አይታችሁታል? ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ባለ አበባ። ጨርቁ ውሃ መውጫውን ይደፍናል፤ ሽቦው ፌስታል ያጠምዳል። ውሃውም ወደ ሱቁ ይገባል። ባለ ሱቁ ውሃ ሲጠርግ ውሎ ማታ ጃንጥላ ይገዛል። ቱቦውን ያለፈው አዌቱ ወንዝ ይወርዳል። አዌቱ ከተማውን ለሁለት ሰንጥቆ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይሄዳል። በዚያ ወንዝ ላይ ያለው «ግልገል ጊቤ አንድ» 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው። ከጅማ የሚላክለት ጃንጥላ ግድቡ ድረስ መድረሱን ባላይም፣ በእኛ በኩል ከመላክ የቦዘንንበት ጊዜ የለም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በጅሬን በኩል ጠቆረ። የመጀመሪያው ዝናብ ነው። «ዘንድሮ ደግሞ ምን ጉድ ነው!» አልኩ እኔም። ያው በረንዳ ሥር ገባሁ። ያው ልጅ ከች አለ። ቁመት ጨምሯል። እንደ ድሮው በስብሷል።

«ደንበኛዬ! ቀዩ አልቋል፤ አረንጓዴ አለ።»

«ስንት?»

«450።»

«300።»

«400 አድርጉት፣ ለእርስዎ።»

«300 አልኩህ።»

እንዲህ ስንባባል ቆርቆሮው ላይ ያለው ድምፅ እየሳሳ መጣ። ካፊያ ሆነ። ከዚያ እሱም ቆመ። ፀሐይዋ ወጣች። ልጁ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«እሺ፣ 300 ይሁን።»

«አባርቶ ምን ያደርግልኛል?» አልኩት። ኮቴን አራግፌ ወጣሁ። እንዲህ በብልጠት ያሸነፍኩበትን ቀን አላስታውስም።

አዌቱ ድልድይ ላይ ስደርስ አንድ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ። ሁለተኛው አንገቴ ውስጥ ገባ። ዞር አልኩ። ልጁ ከኋላዬ፣ ሃያ ጃንጥላውን ክንዱ ላይ እንደደረደረ፣ ሳይቸኩል እየመጣ ነው። ከሩቅ አየኝ። እጁን ከፍ አደረገና ጣቶቹን ዘረጋቸው። አምስት።